ለነፍሰ ጡር የሚሆን እርጎ እንዴት ይረጋል?

እርጎ ለነፍሰ ጡር ጥሩ ምግብ ነው። ካልተፈላ ወተት የረጋ ግን አይሆናትም። ብሩሴላና ሊስቴሪያ የተባሉ ባክቴሪያዎች በጥሬ ወተት ይመጣሉ፣ መኮምጠጡም ሁልጊዜ አይገድላቸውም። ኢንፌክሽን ሲገባ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ይነሳል፤ ብግነቱ ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ያበዛል፤ እሱ ደግሞ ማህፀንን ያኮማትራል፣ የማህፀንን በር ያለሰልሳል። ይህ ከ37 ሳምንት በፊት ከሆነ ልጁ ያለቀኑ ሊወለድ ይችላል።

1 ሊትር ወተት አፍሉ። አረፋው ወደ ላይ ስለገነፈለ ፈላ ማለት አይደለም፤ እሳቱን ቀንሳችሁ እያማሰላችሁ ጥቂት ደቂቃ ይንተክተክ። የምታረጉት ደሴ ከሆነ፣ ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ወተት ከ100 ዲግሪ በታች፣ 92 አካባቢ ይፈላል። አይስጋችሁ፣ ለብሩሴላ ይበቃል።

ዕቃው በፈላ ውሃ የታጠበ ብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። በወይራ የታጠነ ቅል ጣዕሙን የሚያህል የለም፤ ግን ቅል የትናንቱን ጥሬ ወተት መጥጦ ይይዛል፣ ጢሱም ጀርሙን ያዳክመው እንደሆነ እንጂ ጠርጎ አያጠፋውም። ከወሊድ በኋላ ይመለሱበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እርሾው ላይ ነው። የተፈላ ወተት እንደ ጥሬው በራሱ ደህና አድርጎ አይረጋም፣ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች አብረው ሞተዋል። ስለዚህ ከጎረቤት እርጎ አንድ ማንኪያ ተለምኖ ይጨመራል። ያ እርጎ ከጥሬ ወተት ከሆነ ብሩሴላው ተመልሶ ገባ፤ የማፍላቱ ድካም ከንቱ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱቅ፣ ፓስቸራይዝድ ከሆነ (ጀርሙ በሙቀት ከተገደለ) ወተት የተሠራ፣ ስኳርና ማጣፈጫ የሌለው፣ ቀኑ ያላለፈ እርጎ ግዙ። ለ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ከራሳችሁ እርጎ፣ ማንም ሳይቀምሰው፣ በንጹህ ማንኪያ ለቀጣዩ አስቀሩ። እርሾው ፍሪጅ ውስጥ ከሳምንት በላይ አይቆይ፤ ጠረኑ ሲለወጥ ከሱቅ በአዲስ ጀምሩ።

ወተቱ ከ40 እስከ 43 ዲግሪ ሲደርስ እርሾውን በጥቂት ወተት በጥብጣችሁ ጨምሩ። ቴርሞሜትር ከሌለ በእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉት፤ መሞቅ እንጂ ማቃጠል የለበትም። ትኩስ እያለ ከጨመራችሁ እርሾው ይሞታል፣ ጠዋት የሚገኘው ያው ወተት ነው። ደሴ ላይ የሚበዛው ግን ተቃራኒው ነው፦ ሌሊት ይቀዘቅዝና ቀጭን ሆኖ ይቀራል። በጋቢ ጠቅልላችሁ ከምድጃው አጠገብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ተዉት፤ ሞቅ በሚለው ኮምቦልቻ ላይ ቀድሞ ይደርሳል። አጓቱ ከተለየ ቆይቷል ማለት ነው። ይበላል፤ ይኮመጥጣል እንጂ። ፍሪጅ ከሌለ በዚያው ቀን ይለቅ።

በእርጎ ውስጥ ያለው ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ) ያለቀን መውለድን ይከላከላል ወይ? በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የኖርዌይ ጥናት ከ18 ሺህ በላይ እናቶችን አይቶ፣ ፕሮባዮቲክ ያለበት ወተት የሚጠጡት ያለቀናቸው የመውለዳቸው ዕድል አነስ ብሎ አግኝቷል። ያ ግን ክትትል እንጂ ሙከራ አልነበረም፣ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎችም ይህን አላረጋገጡም። በኪኒን የሚሸጠውን ያለ ሐኪም አትግዙ፤ የእርግዝና ስኳርን ለመከላከል በተሰጠባቸው ሙከራዎች የፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት) ስጋት ከፍ የማለት ምልክት ታይቷል። እርጎ ብልት ውስጥ መጨመርም፣ ውስጡን መታጠብም አይገባም።

ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ትኩሳት ካለ ምርመራ ያስፈልጋል። ከ37 ሳምንት በፊት ሆድ እየጠነከረ እየለቀቀ ከመጣ፣ ውሃ ከፈሰሰ ወይም ደም ከታየ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ።