በቤት ኢንተርኔት ላይ ምን ያህል ባንድዊድዝ እንደ ቀረ እንዴት ይገመታል?

የ10 ሜጋቢት ፓኬጅ የገዛ ሰው፣ ይህ ቁጥር የመስመሩ ጣሪያ እንጂ በየትኛውም ሰዓት የሚያገኘው ፍጥነት እንዳልሆነ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። ባንድዊድዝ መስመሩ በሰከንድ የሚያስተላልፈው የዳታ መጠን ነው፤ በእጅ ያለው ባንድዊድዝ ማለት፣ መስመሩ ከሚችለው ላይ በዚያው ሰዓት የቤቱ ስልኮች፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተሮች የሚወስዱት ተቀንሶ የሚተርፈው ነው። ስለዚህ የመስመሩ አቅምም ፍጆታውም ለየብቻ መለካት አለባቸው።

ብዙ ደንበኞች ያለ አግባብ የሚያዝኑት በመለኪያው ምክንያት ነው። ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋቢት ሲሆን፣ ፋይል ሲወርድ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ 1 ጊጋባይት ፋይልም ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል።

አቅሙን ለማወቅ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙ። በዋይፋይ ከተለካ ግድግዳውና ርቀቱ የሚቀንሱት ፍጥነት ከመስመሩ ድክመት ጋር ይደባለቃል። ከዚያም በራውተሩ ገጽ ላይ ዋይፋዩን ያጥፉ፤ ስክሪኑ የጠፋ ስልክ እንኳ ከጀርባ ፎቶ ሊልክ ወይም አፕዴት ሊያወርድ ስለሚችል፣ የቤቱን ሰው «አትጠቀሙ» ብሎ መለመን ብቻውን አይበቃም። ስፒድቴስት በተባለው የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ሦስት ጊዜ ለክተው መካከለኛውን ቁጥር ይያዙ። ይህንኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይድገሙት፤ ቤትዎ ውስጥ ሌላ ተጠቃሚ ሳይኖር የምሽቱ ውጤት በጉልህ ከወረደ፣ መጨናነቁ ያለው ከራውተርዎ ወዲያ ነው።

ስፒድቴስት በራሱ የሚመርጠው በአቅራቢያ ያለውን ሰርቨር (ለመለኪያው ዳታ የሚልከውንና የሚቀበለውን ኮምፒውተር) ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት፣ ወደ ውጭ የሚሄደው ትራፊክ እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ ነው የባሕር ውስጥ ኬብል ላይ የሚደርሰው። በመሆኑም አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር የሚሰጠው ውጤት ውጭ አገር ላለ ድረ ገጽ ዋስትና ስለማይሆን፣ ለንደን ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨርም መርጠው ይሞክሩ።

ፍጆታውን መለካት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ቤተሰቡ ኢንተርኔት እየተጠቀመ ስፒድቴስት ከፍቶ፣ የሚያየውን ቁጥር «የቀረው ይህ ነው» ይላል። ሆኖም መለኪያው ራሱ ከሌሎቹ ጋር ተሻምቶ ድርሻቸውን ስለሚነጥቅ፣ ውጤቱ በእርግጥ ከቀረው ከፍ ይላል። የሚሻለው የራውተሩን ቆጣሪ ማንበብ ነው። በብዙ ራውተሮች 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 የሚለው አድራሻ በብራውዘር ሲከፈት እስካሁን የወረደውን የዳታ መጠን የሚያሳይ ገጽ ይገኛል። ቁጥሩን ይመዝግቡ፣ ልክ 60 ሰከንድ ቆይተው እንደገና ያንብቡ። ልዩነቱ 45 ሜጋባይት ከሆነ፣ በ8 ሲባዛ 360 ሜጋቢት፣ ለ60 ሲካፈል 6 ሜጋቢት በሰከንድ ይሆናል። ቀድሞ የተለካው አቅም 9.4 ከነበረ የቀረው 3.4 ነው። አንድ ደቂቃ ሁሉን ስለማይነግር ሦስት አራት ጊዜ መድገም ይበጃል።

ቆጣሪ የሌለው ራውተር ያላቸው በፒንግ፣ ማለትም ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ በሚለካ ትእዛዝ፣ ሊረዱ ይችላሉ። ወደ 8.8.8.8 (የጉግል ሰርቨር አድራሻ) ፒንግ ሲደረግ፣ መስመሩ ባዶ ሳለ 80 ሚሊ ሰከንድ የነበረው መልስ ቤቱ ሥራ ላይ ሲሆን ወደ 400 ከዘለለና እዚያው ከቆየ፣ መስመሩ ሞልቷል ማለት ይቻላል፤ ምን ያህል እንደ ቀረ በቁጥር ባይነግርም።

በተገኘው ቁጥር ላይ ለመወሰን፣ የፊልም ማሳያው ኔትፍሊክስ በምስል ጥራት ለ720 ፒ ቪዲዮ 3፣ ከእሱ ለሚጠራው 1080 ፒ ደግሞ 5 ሜጋቢት በሰከንድ እንደሚመክር ማስታወስ ይጠቅማል። በ3.4 የመጀመሪያው በጭንቅ ያልፋል፣ ሁለተኛው ግን ይቆራረጣል። የቪዲዮ ጥሪ ለሚያደርግ ሰው ግን የሚላከውም ዳታ እኩል ወሳኝ ስለሆነ፣ ይኸው ስሌት ለአፕሎድም (ከቤት ወደ ውጭ ለሚላከው) ተለይቶ ይሠራ።