የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜከር ስፔስ፦ ማሽኑ መጨረሻ ይምጣ

ሜከር ስፔስ (ተማሪ በእጁ ዕቃ እየሠራ የሚማርበት ክፍል) ሲታሰብ መጀመሪያ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ስሪዲ ፕሪንተር (ፕላስቲክ እያቀለጠ ዕቃ የሚያትም ማሽን) ነው። ገንዘቡ እዚያ ያልቅና የሚቆረጥ እንጨት፣ የሚታሰር ብሎን፣ የሚበየድ ሽቦ ይጠፋል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ ክፍል፣ መብራት፣ የእጅ መሣሪያ፣ ከዚያ ማሽን። ከበጀቱ ሢሶውን ለአላቂ ዕቃ አስቀሩ።

በአንድ ጊዜ ከ20 ተማሪ በላይ አታስገቡ፤ አንድ መምህር በዓይኑ ሊከታተል የሚችለው ከዚያ አይበልጥም። 5 ጠረጴዛ ለአራት ለአራት ይበቃል። ቆሞ ለመሥራት ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር፣ መተላለፊያው ቢያንስ 1 ሜትር ይሁን። እግሩ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ዘበት ነው፤ ግድግዳ ላይ እሰሩት። እንጨት የሚቆረጥበትና ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራበት ጥግ ይራራቁ፤ ሰጋቱራ ለፕሪንተርም ለሰርኪዩትም ጠላት ነው።

ሶኬት ከመቁጠራችሁ በፊት ዋት ደምሩ። በ220 ቮልት መስመር ላይ ያለ የ16 አምፔር ብሬከር 3,520 ዋት ይችላል፤ ለረጅም ሰዓት ግን ከ2,800 ባታሳልፉት ይሻላል። ባለ 60 ዋት ሶልደሪንግ አይረን (የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ) ስድስቱ ተደምረው 360 ዋት ናቸው። አንድ ሂት ገን (ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ግን ብቻውን 2,000 ሊደርስ ይችላል፤ ቫኪዩም ክሊነር ሲጨመርበት ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል። ለእነዚህ የብቻ መስመር ኤሌክትሪሽያን ይዘርጋላችሁ። ማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ መቀጠል ክልክል ነው፤ መጋጠሚያው ይግላል።

ለ20 ተማሪ መነሻው ይህ ነው፦ 10 ካቻቢቴ፣ 5 ፒንሳ፣ 5 ሽቦ መቁረጫ፣ 4 መጋዝ፣ 2 ሞርሳ፣ 2 መሰርሰሪያ፣ ሙቀታቸው የሚስተካከል 6 ሶልደሪንግ አይረን፣ 5 ቴስተር፣ 22 መከላከያ መነጽር። ክላምፕ (እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ጠፍንጎ የሚይዝ) ግን 10 ይሁን፤ ስስት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ክላምፕ ያጣ ተማሪ እንጨቱን በእጁ ይይዛል፣ መሰርሰሪያው ሲነክሰው እንጨቱ ይሽከረከርና እጁን ይመታዋል። መሰርሰሪያ ላይ ጓንት አይደረግም፤ ሊጠመጠምና እጅን ሊጎትት ይችላል። ረጅም ፀጉር ይታሰር። መሣሪያውን ፕላይውድ ላይ ስቀሉና ዙሪያውን በማርከር ሥሉት፤ የጎደለው ከሩቅ ይታያል።

ብየዳ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት አንድ ነው፦ ሶልደሩን (ቀልጦ የሚያያይዘውን የብረት ሽቦ) የአይረኑ ጫፍ ላይ አቅልጦ ቦርዱ ላይ መለጠፍ። ክብ ጠብታ ይሆናል፣ የያዘ ይመስላል፣ ሲነካ ይላቀቃል። ጫፉን ቦርዱንም የዕቃውንም እግር አንድ ላይ በሚነካበት ቦታ 2 ሰከንድ ያህል ያዙት፣ ከዚያ ሶልደሩን ለጋለው መጋጠሚያ እንጂ ለጫፉ አትስጡ። በትክክል የተበየደ እንደ ትንሽ ኮረብታ ዙሪያውን ተዳፍቶ ይቀመጣል። ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) የሌለበትን ሶልደር ግዙና ወደ 360 ዲግሪ አስተካክሉ። ጭሱን ማራገቢያ ከተማሪው ፊት ወደ መስኮት ይሳበው፤ ወደ ፊቱ የሚነፋ ከሆነ ባይኖር ይሻላል።

አርዱይኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) 10 ይበቃል። ዩኖ R3 የሚባለው ዓይነት በአንድ ፒን (የሽቦ ማገናኛ) እንዲሰጥ የሚመከረው 20 ሚሊ አምፔር ነው። ለኤልኢዲ (ትንሿ መብራት) 220 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩን የሚገድብ) ይቅደም። ሞተር በቀጥታ ፒን ላይ ከታሰረ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል፤ ሞተር ድራይቨር (ቦርዱ ሲያዝ ለሞተሩ ኃይል የሚያቀብል) እና የራሱ ባትሪ ይሰጠው። ድራይቨሩ ታስሮም ሞተሩ ካልዞረ ኮዱን ከመጠርጠራችሁ በፊት የባትሪውና የቦርዱ ግራውንድ (ኔጋቲቩ) መገናኘቱን እዩ።

ፕሪንተሩ አሁን ይግባ፣ አንድ ብቻ። ለፒኤልኤ (የተለመደው የማተሚያ ፕላስቲክ) ኖዝሉ፣ ማለትም ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚወጣበት አፍ፣ 200 እስከ 210፣ አልጋው፣ ማለትም ሥራው የሚያርፍበት ሰሌዳ፣ 60 ዲግሪ። ሥራው ከአልጋው ከተላቀቀ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጣት ቅባት ወይም የኖዝሉ ከፍታ ነው፤ አልጋውን በአልኮል ጠርጉ፣ የመጀመሪያው ሽፋን እስኪያልቅ ተማሪው አጠገቡ ይቁም። ሲያትም ፊላመንቱ (የፕላስቲኩ ክር) እንደ ፈንዲሻ ጠቅ ጠቅ ካለ እርጥበት ጠጥቷል፤ በ45 ዲግሪ ለ6 ሰዓት አድርቁትና ከሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ) ጋር ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጡት። ከ2 ሰዓት የሚበልጥ ሥራ አትቀበሉ። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ ማሽኑ አያድርም፣ ሌላውም ተማሪ ወረፋ እየጠበቀ ነው።

ሌዘር መቁረጫ (በጨረር የሚቆርጥ ማሽን) የሚገዛ ካለ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ሳይዘረጋ አይከፈት። ፒቪሲ (የውኃ ቱቦ የሚሠራበት ፕላስቲክ) በጭራሽ አይቆረጥበት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል።