ለሰፈር ጥቃት መከላከል የአሜሪካን ፌዴራል ድጎማ ማመልከት

መጀመሪያ በድጎማው የማመልከቻ ጥሪ ላይ ማን ማመልከት እንደሚችል አንብቡ፤ መስፈርቱ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። በቀጥታ ካልተፈቀደላችሁ ከከተማው አስተዳደር ሥር ንዑስ ተቀባይ (ከከተማው ድጎማ ድርሻ የሚያገኝ ድርጅት) ለመሆን ተነጋገሩ።

ብዙ ማኅበራት የሚሰናከሉት ምዝገባው ላይ ነው። ሳም ዶት ጎቭ (ድጎማ ጠያቂዎች የሚመዘገቡበት የፌዴራል መንግሥት ድረ ገጽ) ላይ ያስገባችሁት ሕጋዊ ስምና አድራሻ ከሰነዳችሁ ጋር ካልተመሳሰለ ማረጋገጫው ሳምንታት ይጎተታል። በየዓመቱ ማደስም አለ። ከዚያ ኤስኤፍ-424 የተባለው የፌዴራል ድጎማ መጠየቂያ ቅጽ በግራንትስ ዶት ጎቭ (የፌዴራል ድጎማዎች ድረ ገጽ)፣ ሙሉው ማመልከቻ ደግሞ በጀስትግራንትስ (የፍትሕ ሚኒስቴሩ የድጎማ ድረ ገጽ) ይገባል። ሁለቱ የየራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው፤ የመጀመሪያው ካመለጣችሁ ሁለተኛው ዋጋ የለውም።

በጀቱ ላይ የሸምጋዮችን (በሰፈር ውስጥ ጠብ የሚያበርዱ ሠራተኞችን) ደመወዝ፣ ሥልጠናና ትራንስፖርት ለየብቻ አስሉ። ለቢሮና አስተዳደር ወጪ (ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ) ከፌዴራል መንግሥት ጋር የተስማማችሁበት ተመን ከሌለ፣ ከተስተካከለው ጠቅላላ ቀጥተኛ ወጪ እስከ 15 በመቶ መጠየቅ ይቻላል (ከኦክቶበር 2024 በፊት 10 ነበር)። ድጎማውን የሚሰጠው የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በኤፕሪል 2025 የጸደቁ ድጎማዎችን መሃል ላይ ሰርዟል፤ የሠራተኛውን ደመወዝ ሁሉ በአንድ ምንጭ ላይ አታንጠልጥሉ።