ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ፦ የድሮ ኤምጂ ቢ ሞተር ችግርና መፍትሄ

የድሮ ስፖርት መኪና ሞተር ማጨስ ወይም ማንኳኳት ሲጀምር፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚለው «ሞተሩ ይውረድ» ነው። ከዚያ መለዋወጫ ማዘዝ ይጀምራል። እኔም እንደዚያው አድርጌ ነበር። ብሮንዚና (የሚዞረው ዘንግ የሚያርፍበት ቀለበት)፣ ፒስቶንና ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ገዝቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ሞተሩን የፈታሁት። ግማሹ ልኩ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ለኩ፣ ቀጥሎ ፍቱ፣ መጨረሻ ላይ ግዙ።

እዚህ የምጽፈው በደንብ ስለማውቀው፣ ኤምጂ ቢ ስለተባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነው። መኪናው እንግሊዝ ውስጥ አቢንግደን በሚገኘው ፋብሪካ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስለተመረተ መለዋወጫው ዛሬም አልጠፋም። ሞተሩ 1798 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር ነው። ብሎኩም (ሲሊንደሮቹ ያሉበት ዋናው አካል) ቴስታታውም (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው፣ ቫልቮቹ ያሉበት ክፍል) ብረት ስለሆኑ ብዙ ይችላል። የመለካቱ ዘዴ ግን ለሌሎች የዘመኑ መኪኖችም ይሠራል።

መለዋወጫው አልገጥም ሲል

ከሁሉም በፊት የትኛው ሞተር እንዳላችሁ እወቁ። በብሎኩ ጎን ላይ የተመታች ትንሽ ሳህን አለች፤ የሞተሩ ቁጥር እሷ ላይ ነው። ቁጥሩ በ18ጂ ወይም በ18ጂኤ ከጀመረ፣ ክራንክሻፍቱ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) የተቀመጠው በሦስት ዋና ብሮንዚናዎች ላይ ነው። ከ1964 መጨረሻ ጀምሮ የመጣው 18ጂቢና ከእሱ በኋላ ያሉት ደግሞ አምስት አላቸው። ክራንክሻፍቱ፣ ብሮንዚናውና የኋላው የዘይት ማገጃ ሁሉ ይለያያሉ።

የመኪናውን የምርት ዘመን ብቻ ለሻጭ ነግራችሁ አትዘዙ። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ የስንቱ መኪና ሞተር ተቀይሯል! ሳህኗ ከሌለች ኮፓውን (የሞተሩን የታች የዘይት ገንዳ) አውርዱና ዋናዎቹን የብሮንዚና ቆቦች ቁጠሩ።

ሰማያዊ ጭስ

ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው። ዋናው ጥያቄ መቼ ነው የሚያጨሰው የሚለው ነው።

ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለቃችሁ ወርዳችሁ እንደገና ስትረግጡ ቡፍ ብሎ ከወጣ፣ ወይም ጠዋት ሲነሳ ብቻ አጭሶ ከተወ፣ የቫልቭ መሪዎቹን (ቫልቮቹ የሚንሸራተቱባቸውን ቱቦዎች) ጠርጥሩ። ዘይቱ በተበላው ክፍተት እየሾለከ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ይህ ቴስታታውን ብቻ በማውረድ የሚያልቅ ሥራ ነው። የታችኛውን ክፍል አትንኩት።

ነዳጅ ሲረገጥ ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ወደ ፋሻና ሲሊንደር እንሄዳለን። ይህንን ኮምፕሬሽን (ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጥረውን ግፊት) በመለካት አረጋግጡ። ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላዎች (ብልጭታ ሰጪዎቹ) ይውጡ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። የመጭመቅ መጠኑ 8.8 ለ 1 የሆነ ጤነኛ ሞተር 160 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ያሳያል። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ነው የማየው። አራቱም 140 ላይ እኩል ከሆኑ ብዙም አልጨነቅም። ሦስቱ 160 ሆነው አንዱ 110 ከሆነ ግን እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ችግር አለ።

ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ደፍኖለታል። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ ደግሞ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው መድፈኛ ንጣፍ) ተቃጥሏል። ይህቺ የአሥር ደቂቃ ሙከራ ሙሉ ሞተር ከመፍታት አድናኛለች።

ፋሻ መሆኑ ከተረጋገጠ ሲሊንደሩን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ለኩ። መነሻው ልክ 80.26 ሚሊሜትር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚበላው ከላይ፣ ፋሻው ከሚመለስበት ጠርዝ በታች ነው። አዲስ ፋሻ በተበላ ሲሊንደር ላይ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ጥቂት ተነድቶ ጭሱ ይመለሳል። ሲሊንደሩ መቆረጥ ካለበት ፒስቶኖቹን አስቀድማችሁ ግዙና ለማሽን ሾፑ አብራችሁ ስጡ። ቆራጩ በእጁ ያለውን ፒስቶን ለክቶ ነው መቁረጥ ያለበት። እያንዳንዱን ፋሻ ደግሞ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብታችሁ የጫፎቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) እዩ፤ ከ0.30 እስከ 0.55 ሚሊሜትር መሆን አለበት።

የዘይት ግፊት መውረድና ማንኳኳት

ሞተሩ ሞቆ ሲነዳ ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲዞር) ደግሞ ከ10 እስከ 25 ይጠበቃል። ጌጁ ከዚያ በታች ካሳየ ከቀላሉ ጀምሩ። በሌላ ጌጅ ለክታችሁ የመኪናው ጌጅ እንደማይዋሽ አረጋግጡ። ዘይቱ የቀጠነ ዘመናዊ ዘይት እንዳይሆን እዩ፤ ይህ ሞተር የሚወደው 20 ደብልዩ 50 የተባለውን ወፍራም ዘይት ነው። የግፊት መቆጣጠሪያዋን ቫልቭ አውጥታችሁ ሞላዋንና መቀመጫዋን ተመልከቱ። እዚያ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ቆሻሻ ግፊቱን ሙልጭ አድርጋ ታወርዳለች።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ድምፅ ካለ፣ ጉዳዩ ብሮንዚና ነው። ከባድ፣ ከሥር የሚመጣና ሞተሩ ሲጫን የሚብስ ድምፅ የዋናው ብሮንዚና ነው። ቀለል ያለ፣ ነዳጅ ለቀቅ ሲደረግ የሚሰማ ኳ ኳ የቢየላው (ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚና ነው። የካንዴላ ገመዶችን በተራ ንቀሉ፤ የታመመው ሲሊንደር ጋ ስትደርሱ ድምፁ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ መኪናው አይነዳ። አንድ ቀን እንኳ! መቀየር የሚበቃው ብሮንዚና ወደ ተበጣጠሰ ክራንክሻፍት የሚለወጠው በዚያች ተጨማሪ ጉዞ ነው።

ክራንክሻፍቱን በማይክሮሜትር ለኩ። ክብነቱ ከጠፋ ወይም ከተቧጨረ ይቆረጣል። ብሮንዚና በ0.25፣ 0.51፣ 0.76 እና 1.02 ሚሊሜትር ለተቆረጠ ክራንክሻፍት ይሸጣል። ብሮንዚናውን የምትገዙት ከተቆረጠ በኋላ ነው። ቀድሞ የተቆረጠ ክራንክሻፍት ብዙ ስለሆነ «ስታንዳርድ ይሆናል» ብሎ መገመት አያዋጣም። በመጀመሪያው ግዢዬ የከሰርኩት እዚህ ላይ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ክራንክሻፍት ያስቆረጥኩበት አንድ ቦታ አሳምሮ፣ እንደ መስታወት አድርጎ መለሰልኝ። የዘይት ቀዳዳዎቹን ግን አላጠበም። እኔም አምኜ ገጠምኩት። የብረት ብናኙ ሁለት ብሮንዚናዎችን በ300 ኪሎሜትር ውስጥ በላቸው። ስለዚህ ከማንም እጅ ይምጣ፣ እያንዳንዱን የዘይት ቀዳዳ በረጅም ብሩሽና በሙቅ የሳሙና ውሃ ፈትጉት፤ በአየር ንፉት፤ ነጭ ጨርቅ አስገብታችሁ ንፁህ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ድገሙት።

አዲስ የተሠራ ሞተር የዘይት ግፊት ሲያጣ

አትደንግጡ፣ ግን ሞተሩን አታስነሱት። የዘይት ፖምፓው ደረቅ ስለሆነ መሳብ አልቻለም። ሲገጠም ውስጡን በቫዝሊን ሙሉት። ከዚያ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ፣ ጌጁ ከፍ እስኪል ድረስ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) አዙሩት። ከዚያ በፊት ካንዴላ አይግባ።

የቫልቭ ክፍተት አልረጋ ሲል

ብዙ ሰው ክፍተቱን (በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለውን) 0.38 ሚሊሜትር ላይ አስተካክሎ ይረሳዋል። እኔ ግን የስምንቱንም ቫልቭ ልክ በደብተር እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ለውጡ የሚሄድበት አቅጣጫ መንስኤውን ይናገራል።

ክፍተቱ እየጠበበ ከሄደ ቫልቩ ወደ ቴስታታው እየሰመጠ ነው። እነዚህ ሞተሮች የተሠሩት እርሳስ ላለው ቤንዚን ነው፤ እርሳሱ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ መቀመጫ ይጠብቅ ነበር። መፍትሄው ማሽን ሾፕ ውስጥ ጠንካራ የብረት መቀመጫ ማስገባት ነው። ቴስታታው ለሌላ ሥራ ከወረደ ይህንን አብራችሁ አሠሩት።

ክፍተቱ እየሰፋ ከሄደና አንድ ቫልቭ ብቻ ደጋግሞ ካንኳኳ፣ የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጉብታ እየተበላ ነው። በአዲስ ካምሻፍት ላይ የሚደርስ አሳዛኝ ጉዳት ነው። ፑንቴሪያዎቹ (ጉብታው የሚገፋቸው ክፍሎች) ጠፍጣፋ ስለሆኑ ጉብታው ላይ በከባድ ጫና ይፋተጋሉ፤ ዚንክ ያነሰው ዘይት ደግሞ አይከላከልላቸውም። ካምሻፍት ስትቀይሩ ፑንቴሪያውንም አብራችሁ ቀይሩ። አሮጌ ፑንቴሪያ በአዲስ ካምሻፍት ላይ ፈጽሞ አይገባም። ጉብታዎቹን በመግጠሚያ ቅባት ቀቡ፤ ዚንክ ያለው ዘይት ተጠቀሙ። ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያውኑ በደቂቃ ወደ 2000–2500 ዙር አውጡትና 20 ደቂቃ ያዙት። በሚኒሞ አታቁሙት። የነዳጁ ድብልቅና የማቀጣጠያው ጊዜ አስቀድመው የተስተካከሉ መሆን ያለባቸውም ለዚህ ነው።

ለማስተካከል የ9 ደንብ ይረዳል። 1ኛው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 8ኛውን፣ 3ኛው ሲከፈት 6ኛውን ታስተካክላላችሁ። ድምሩ ሁልጊዜ 9 ነው።

ሙቀት መጨመር

ራዲያተሩ ተቀይሮ፣ ቴርሞስታቱ ተቀይሮ፣ አሁንም ይሞቃል? ብሎኩን እዩ። የዘመናት ዝገት ከ4ኛው ሲሊንደር በስተኋላ ይከማቻል። በብሎኩ ጎን ያሉትን ክብ የቆርቆሮ መድፈኛዎች አውጥታችሁ በሽቦ ፍቁት። እኔ ካወጣሁት አንድ ብሎክ አንድ ሙሉ ጣሳ ደለል ወርዷል።

ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ነው። 2ኛውና 3ኛው ሲሊንደር አንድ የጭስ መውጫ ስለሚጋሩ መካከሉ በጣም ይሞቃል፤ በቫልቭ መቀመጫዎች መካከል ስንጥቅ የተለመደ ነው። ለቴስታታው ሌላ ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት በግፊት አስፈትሹት። ያገለገለ ስትገዙም እንዲሁ። ቴስታታው ሲታሰር ከመካከል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ ከ61 እስከ 68 ኒውተን ሜትር።

ከኋላ የሚንጠባጠብ ዘይት

ባለ ሦስት ብሮንዚናው ሞተር ከኋላ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) የለውም። ዘይቱን የሚመልሰው ክራንክሻፍቱ ላይ የተቆረጠ ጥርስ ነው። ጥቂት ጠብታ ተፈጥሮው ነው። ከበዛ የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍኖ እንደሆነ እዩ። ባለ አምስቱ ፓራኦሊዮ አለው፤ ሞተሩ በወረደ ቁጥር ይቀየራል።

ጥቁር ጭስና መንተክተክ

ይህ በአብዛኛው ሞተር ማውረድ አይፈልግም። የካርቡራተሮቹን (ነዳጅና አየር የሚያቀላቅሉትን) ፒስቶን በጣት አንሱና ልቀቁ፤ «ጠቅ» ብሎ ካልወደቀ ተጣብቋል። ከላይ ያለው ዘይት መኖሩንም እዩ። ከዚያ ወደ ዲስትሪቢውተር (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ሂዱ። አዲስ የተገዛ የዲስትሪቢውተር ሮተር ደህና ነው ብላችሁ አትለፉት። አናቱ ላይ የተመታ ምስማር (ሪቬት) ያለባቸው ብዙዎቹ ብልጭታውን ወደ ዘንጉ ያሾልካሉ።

ስትገዙ

ሳይከፈት የቆየ የድሮ ክምችት ብረት ከሆነ ወርቅ ነው። ጎማ ከሆነ ተዉት፤ መደርደሪያ ላይ ደርቋል። አዲስ የተመረተ ዕቃ ሲደርስ በዚያው ቀን ለኩት፤ መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ። አሮጌውን ዕቃ ሞተሩ ተነስቶ እስኪነዳ ድረስ አትጣሉ። ማነጻጸሪያችሁ እሱ ነው። ቡሎንና ዳዶው በአብዛኛው የኢንች ጥርስ ስለሆነ ሚሊሜትር አታስገድዱበት። የቢየላ ቡሎን ላይ ደግሞ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ሞተሩ 800 ኪሎሜትር ያህል ሲነዳ ዘይቱን ቀይሩ፣ የቫልቭ ክፍተቱን እንደገና ለኩ። የዘይት ፊልትሮውን አትጣሉት፤ ቆርጣችሁ ክፈቱና ወረቀቱን በብርሃን ተመልከቱ። ጥቂት ደቃቅ ግራጫ ብናኝ መላመድ ነው። የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ካያችሁ ግን ቁልፉን አውጡና ኮፓውን ክፈቱ።