የሞተር መጋዝ ስትመርጡ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ስቀሉት

በሞተር መጋዝ መሥራት ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። ሥራውን አዲስ የሚጀምር ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ከሁለቱ ታዋቂ የመጋዝ ስሞች ስቲል ይሻላል ወይስ ሁስክቫርና?» እኔ ግን ከመመለሴ በፊት መጠየቅ ያለብኝ አለ። የምትቆርጡት ግንድ ውፍረቱ ስንት ነው? በቀን ስንት ሰዓት ትይዙታላችሁ? ሲበላሽስ ማን ይፈታላችኋል? ይህ ሳይታወቅ ስለ ስም መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ከክብደት ልጀምር፤ ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካታሎግ ላይ የሚጻፈው ኪሎ ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት) እና ሰንሰለት ያልገባለት፣ ቤንዚንም ዘይትም የሌለበት ባዶ ሞተር ነው። ማንም ደግሞ በባዶ ሞተር እንጨት አይቆርጥም። እኔ የእህል ማንጠልጠያ ሚዛን አለኝ። ስቲል ኤምኤስ 462ን ካታሎጉ 6 ኪሎ ይለዋል። የ50 ሳንቲ ሜትር ባርና ሰንሰለት ገጥሜ፣ ሁለቱንም ጋን ሞልቼ ስሰቅለው ከ8 ኪሎ አለፈ። ከጠዋት እስከ ማታ ወገባችሁ የሚሸከመው ይህንን ነው። ስለዚህ ሁለት መጋዝ ስታወዳድሩ አንድ ዓይነት ርዝመት ባር ግጠሙላቸው፣ ሙሏቸው፣ ከዚያ መዝኑ።

ከመዘናችሁ በኋላ የፊቱን እጀታ ብቻ ይዛችሁ አንሱት። የባሩ ጫፍ ወደ መሬት ካዘቀዘቀ ቀኑን ሙሉ በክርናችሁ ስትታገሉት ትውላላችሁ። ቀላል ሞተር ላይ ረጅም ባር ሲገጠም የሚመጣ ጣጣ ነው። 200 ግራም ከብዶ ሚዛኑን የጠበቀ መጋዝ፣ ቀልሎ በአፍንጫው ከሚደፋ ይሻላል።

ወደ ጉልበት ስንመጣ ሻጮች ሲሲ ይጠራሉ። ሲሲ የሲሊንደሩ ይዘት እንጂ ጉልበቱ አይደለም፤ ኪሎዋቱን ጠይቁ። ከዚያ የባዶውን ሞተር ኪሎ ለኪሎዋቱ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ስንት ኪሎ እንደምትሸከሙ ይነግራችኋል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ለከባድ ሥራ ከሚሆኑት ውስጥ ሁስክቫርና 572 ኤክስፒ 70.6 ሲሲ፣ 4.3 ኪሎዋትና 6.6 ኪሎ ነው፤ 1.53 ይወጣል። ስቲል 462 ደግሞ 72.2 ሲሲና 4.4 ኪሎዋት ስለሆነ 1.36 ይሆናል። ስቲል ኤምኤስ 500አይ 79.2 ሲሲ፣ 5 ኪሎዋትና 6.2 ኪሎ ሆኖ 1.24 ላይ ይወርዳል። ይህኛው ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ክፍል) የለውም፤ ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር ይረጫል። ነዳጅ ስትሰጡት የሚነሳበት ፍጥነት መጀመሪያ ያስደነግጣል።

ግን ከዚህ ተነስታችሁ ትልቁን አትግዙ። አብዛኛው ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ግንድ በመጣል ሳይሆን የወደቀውን ዛፍ ቅርንጫፍ በመመልመል ነው። ለዚያ የ50 ሲሲው ክፍል ይበቃል፤ ከ38 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ባር ያለችግር ይነዳል። ስቲል 261 እና ሁስክቫርና 550 ኤክስፒ ማርክ 2 ሁለቱም 3 ኪሎዋት ናቸው፤ የመጀመሪያው 4.9፣ ሁለተኛው 5.3 ኪሎ ነው። 400 ግራም ትንሽ ትመስላለች። ከሰዓት በኋላ፣ መጋዙን መቶ ጊዜ ካነሳችሁ ካወረዳችሁ በኋላ ግን ትታወቃለች። እኔ 550ን የምወደው በአያያዙ ነው፤ ቅርንጫፍ ላይ ሳገላብጠው እጄን ይከተላል። ክብደት የሚያስቸግረው ሰው 261ን ይያዝ።

ንዝረቱንም አትናቁ። አብሮኝ የሠራ ጓደኛዬ የላስቲክ መያዣው የሞተ መጋዝ ይዞ ዓመታት ቆየ። ዛሬ ብርድ ሲነካው ጣቶቹ እንደ ወረቀት ይነጣሉ፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። እጀታውንና ሞተሩን የሚለያዩት ምንጮች ወይም ላስቲኮች ደህና መሆናቸውን፣ መለዋወጫቸውም መገኘቱን ሳታረጋግጡ አትግዙ።

ከስቲልና ከሁስክቫርና ውጪ በጣም የማከብረው የጃፓኑን ኤኮ ነው። ሲኤስ 590 የሚባለው 59.8 ሲሲ ሆኖ 6 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ለመጠኑ ቀላል አይባልም። ነገር ግን በካቻቪቴ የሚስተካከል ተራ ካርቡሬተር አለው፣ ዋጋውም ከእኩዮቹ ዝቅ ይላል። የስቲል ኤም ትሮኒክና የሁስክቫርና ኦቶቱን ነዳጁንና አየሩን በራሳቸው ያመጣጥናሉ። ከቆላ ወደ ደጋ ስትወጡ ሞተሩ ሳይታፈን የሚሠራው በዚህ ነው። ሲበላሹ ግን በካቻቪቴ አይድኑም፤ የመመርመሪያ መሣሪያ ያለው መካኒክ ይፈልጋሉ። ከእንዲህ ዓይነት መካኒክ ሁለት ቀን ርቃችሁ የምትሠሩ ከሆነ ተራውን ካርቡሬተር እመርጥላችኋለሁ። ሁስክቫርና 372 ኤክስፒ እስካሁን የሚፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማንም ደህና መካኒክ ይፈታዋል።

ዋጋ ማለት የተከፈለው ብር ብቻ አይደለም፤ መለዋወጫ መገኘቱም ነው። የጀርመኑ ዶልማር የቤንዚን መጋዝ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው፤ ከዚያ በ1991 ወደ ጃፓኑ መሣሪያ አምራች ማኪታ ገባ። ማኪታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የቤንዚን ሞተር ማምረት አቆመ። ያገለገለ ዶልማር ወይም ማኪታ በርካሽ ስታገኙ ጥሩ መጋዝ ነው፤ እኔም አንድ ይዤ ሠርቻለሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ፒስተኑ፣ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከሰንሰለቱ ጋር የሚያገናኘው) እና የማስነሻው ምንጭ ገበያ ላይ መኖሩን ጠይቁ።

የውሸት ዕቃ ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። ከአንድ ሻጭ የታወቀ ስም የተለጠፈበት መጋዝ በግማሽ ዋጋ ገዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱ ጠፋ። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ፈትቼ በቀዳዳው ሳይ ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች ተቧጥጧል፤ የሲሊንደሩ ሽፋን እንደ ቀለም ተልጦ ነበር። ተከታታይ ቁጥሩን ለስሙ ባለቤት ወኪል ስሰጥ እንዲህ ያለ ቁጥር የለንም አሉኝ። ያንን ጥያቄ ገንዘቡ ኪሴ ውስጥ እያለ ማቅረብ ነበረብኝ። እናንተ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ወኪሉን ጠይቁ፣ ከዚያ ክፈሉ። ያገለገለ ከሆነ ማርሚታውን አስፈቱ፤ ጥቂት ብሎን ነው። ፒስተኑ ላይ ቀጥ ያለ ጭረት ካለ ተዉት።

ሰንሰለቱ ደንዝዞ ከሆነ የቱንም ስም ማወዳደር አይቻልም። የተሳለ 50 ሲሲ የደነዘዘ 70 ሲሲን ሲቀድም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሚወጣውን ፍቅፋቂ እዩ፦ ወፍራምና ረዘም ያለ ከሆነ ስሉ ነው፤ እንደ ዱቄት ከበነነ ሞረድ ያስፈልገዋል። ፒቹ (የማያያዣዎቹ ርቀት መለኪያ) 0.325 ኢንች ለሆነ ሰንሰለት 4.8 ሚሊ ሜትር ሞረድ ያዙ። ለ3/8 ኢንች እንደ አምራቹ 5.2 ወይም 5.5 ነው። ብዙዎቹ ሰንሰለቶች በ30 ዲግሪ ይሳላሉ። ቤንዚኑም እንደዚሁ፤ ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ጥሩ የሁለት ምት ዘይት። በዘይት ላይ የቆጠበ ሰው የየትኛውንም አገር ሲሊንደር ይገድላል።

መክፈያው ሲደርስ አስነሱት፤ ቀዝቃዛ ሞተር ይሁን፤ ሻጩ ቀድሞ ያሞቀው ከሆነ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጡት) ሲሆን ሰንሰለቱ መቆም አለበት፤ ከዞረ ሚኒሞው ወይም ፍሪሲዮኑ ችግር አለበት። ሰንሰለቱ በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ፍሬኑን ወደፊት ግፉት፤ ወዲያው ቀጥ ማለት አለበት። የባሩን ጫፍ ሳታስነኩ ወደ ካርቶን አስጠግታችሁ ነዳጅ ስጡት፤ የዘይት መስመር ካልታየ የሰንሰለቱ ዘይት ፓምፕ አይሠራም። በመጨረሻ ወፍራም ግንድ አንድ ሁለት ጊዜ ቆርጣችሁ አጥፉት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ሳቡ። ትኩስ ሆኖ አልነሳ የሚል መጋዝ ጫካ ውስጥ ቀን ያስጨርሳል፤ እኔ ሦስት ጊዜ ስቤው ካልተነሳ መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠዋለሁ።