ፖይንት ጋርድ ጥሩ ወርዋሪ መሆን አለበት? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተጫዋቾችና አሰልጣኞች የተዘጋጀ መመሪያ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሠፈር ወይም የትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲዋቀር፣ ፖይንት ጋርድ (ኳስ ወደ ፊት አምጥቶ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ኳስ በማንጠር የተካነና ጓደኞቹን በድምፅ የሚያዝ ልጅ ነው። ውርወራው ደካማ መሆኑ ቢታወቅም «የእሱ ሥራ ማቀበል ነው» ተብሎ ይታለፋል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ፖይንት ጋርድ የቡድኑ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን ተከላካዩ ትቶት እንዳይሄድ የሚያስገድድ ውርወራ ከሌለው የማቀበል ችሎታው ራሱ ዋጋ ያጣል። ይህ ጽሑፍ በቂ የሚባለው ውርወራ እንዴት እንደሚለካ፣ ልምምዱ ከየት እንደሚጀመርና ውርወራው እስኪስተካከል ድረስ እንዴት መጫወት እንደሚቻል ያሳያል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ረጅሙ ተጫዋች ወደ ሦስት ነጥብ መስመሩ አናት መጥቶ ለፖይንት ጋርዱ ስክሪን ሲቆምለት፣ ማለትም ቆሞ በሰውነቱ የተከላካዩን መንገድ ሲዘጋለት ነው። በዚያን ጊዜ የፖይንት ጋርዱ ተከላካይ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ በስክሪኑ ላይኛው ጎን ተጣብቆ ኳስ ያዡን ይከተላል፣ ወይም በስክሪኑ ሥር፣ በቀለበቱ በኩል፣ አቋርጦ ከወዲያ ማዶ ይጠብቀዋል። ከላይ ከተከተለ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስለሚቀር የረጅሙ ተጫዋች ተከላካይ ለእርዳታ መውጣት ይኖርበታል፤ እሱ ሲወጣም ስክሪን የቆመው ተጫዋች ወደ ቀለበቱ ይሮጣል፣ ወይም ጥግ ላይ የቆመ ሌላ ተጫዋች ነጻ ይሆናል። የማቀበል ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በሥር ካቋረጠ ግን ማንም ከቦታው አልተነቀነቀም፤ አምስቱም ተከላካዮች እንደቆሙ ናቸው። ተከላካይ በሥር ለማለፍ የሚደፍረው ኳስ ያዡ እንደማይወረውር፣ ቢወረውርም እንደማያገባ ሲያውቅ ነው። ሁለት ሰው ከፊት ሦስት ከኋላ አቁሞ በሚከላከል ቡድን ላይም ውጤቱ ያው ነው፤ ከፊት የቆሙት ሁለቱ ኳስ ያዡን ችላ ብለው ወደ መሐል ስለሚጠጉ የነጻ ውርወራ መስመሩ አካባቢ ይዘጋል።

በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ለክርክሩ ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ ያገኛሉ። ራጆን ሮንዶ እ.ኤ.አ. በ2008 ከቦስተን ጋር ሻምፒዮን ሲሆን ከርቀት የሚፈራ ወርዋሪ አልነበረም፤ በዙሪያው ግን ሬይ አለንንና ፖል ፒርስን የመሰሉ ወርዋሪዎች ነበሩ። በ2010ሩ ፍጻሜ ተጋጣሚዎቹ ሌከርሶች ኮቢ ብራያንትን በሮንዶ ላይ መድበው ርቆ እንዲቆምለት አደረጉ፤ ኮቢም ጉልበቱን ቆጥቦ ሌሎቹን ተከላካዮች ይረዳ ነበር። ቶኒ ፓርከር በ2007 የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋች ሲባል ዋና መሣሪያው የሦስት ነጥብ ውርወራ አልነበረም፤ ሳጥኑ (ከቀለበቱ ፊት የተሰመረው ቦታ) ውስጥ ገብቶ ኳሷን በረጃጅሞቹ እጅ ላይ ከፍ አድርጎ በማሳለፍ ያስቆጥር ነበር። እኔ ለወጣቶቻችን አብልጬ የምጠቅሰው ጄሰን ኪድን ነው። በ1994 ሲጀምር ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ የሚያገባው ከመቶ 27 ያህሉን ብቻ ነበር፤ በ2013 ጫማውን ሲሰቅል ግን 1,988 ባለሦስት ነጥብ ኳሶችን አግብቶ በዚያን ጊዜ በሊጉ ታሪክ ሦስተኛ ነበር፤ በ2011 ከዳላስ ጋር ዋንጫ ያነሣውም በ38 ዓመቱ ነው። ውርወራ ዘግይቶም ቢሆን በሥራ የሚመጣ ነገር መሆኑን የእሱ ታሪክ በሚገባ ያሳያል።

በቂው መጠን ስንት ነው?

ለዚህ ጥያቄ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ቁጥር አይሠራም፤ መልሱ ከራስ ቡድን ሒሳብ መውጣት አለበት። በተከታታይ በሚደረጉ ጨዋታዎች አንድ ሰው ሜዳ ዳር ተቀምጦ ቡድኑ ስንት ጊዜ እንዳጠቃ ይቁጠር። ኳሷን ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ ተጋጣሚ እጅ እስክትገባ ድረስ ያለው ሁሉ አንድ ማጥቃት ነው፤ ስታችሁ የተመለሰችውን ኳስ (ሪባውንዱን) ራሳችሁ ብትይዙም ቆጠራው ያው አንድ ነው። ከዚያ የተቆጠሩት ነጥቦች ለማጥቃቱ ብዛት ይካፈላሉ። ለምሳሌ በ60 ማጥቃት 48 ነጥብ ያገባ ቡድን በአንድ ማጥቃት 0.8 ነጥብ ያገኛል ማለት ነው። እንዲህ ላለው ቡድን ፖይንት ጋርዱ ነጻ ሆኖ የሚወረውራት ባለሦስት ነጥብ ኳስ ከመቶ 27 ጊዜ ብትገባ 0.81 ነጥብ ታስገኛለች፤ ባለሁለት ነጥቧ ደግሞ ከመቶ 40 ጊዜ ብትገባ 0.8 ትሆናለች። ስለዚህ በሥር የሚያቋርጠው ተከላካይ ምንም አላተረፈም፤ ከዚህ መጠን በላይ የሚገባ እያንዳንዱ ኳስ ያስከስረዋል። ቡድኑ እያደገ ሄዶ በአንድ ማጥቃት አንድ ነጥብ ማግኘት ሲጀምር፣ የሚፈለገው መጠንም ከመቶ ወደ 33 እና ወደ 50 ከፍ ይላል። የሠፈር ቡድን ፖይንት ጋርድ በሦስት ነጥብ ውርወራ የታወቀውን ስቴፈን ከሪን መሆን አለብኝ ብሎ የሚጨነቅበት ምክንያት የለም።

የተጫዋቹን ትክክለኛ ደረጃ ለማወቅ የሚደረገው ፈተና ልምምድ ሲያልቅ፣ እግር ሲዝል መሆን አለበት፤ ሰውነት ሳይደክም የሚገኝ ቁጥር ያታልላል። በመጀመሪያ 50 ነጻ ውርወራዎችን ሁለት ሁለት እያደረገ፣ በየመሐሉ ሜዳውን አንዴ ሮጦ እየተመለሰ ይወርውር። ቀጥሎ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቆሞ እየተቀበለ 50፣ በመጨረሻም ከስክሪን ወጥቶ እንደሚሆነው ኳስ እያነጠረ መጥቶ ነጻ ውርወራ መስመሩ አካባቢ ቆም እያለ 50 ይወርውር። በጨዋታ ላይ ቁጥሩ ከልምምዱ ዝቅ እንደሚል ታሳቢ መደረግ አለበት። በእኔ ግምት በልምምድ ከአሥር ነጻ ውርወራ ሰባቱን፣ ከአሥር ባለሦስት ነጥብ ደግሞ አራት ያህሉን የሚያገባ ፖይንት ጋርድ በከተሞቻችን ደረጃ የሚተው አይደለም።

ልምምዱ የሚጀመርበት ቅደም ተከተል

ወጣቶች በቀጥታ ወደ ሦስት ነጥብ መስመር ይሮጣሉ፤ ለፖይንት ጋርድ ግን ቀዳሚው ነጻ ውርወራ ነው። አንድ ቡድን በአንድ ሩብ ውስጥ አራት ጥፋት ከፈጸመ በኋላ፣ ኳስ በያዘ ተጋጣሚ ላይ የሚሠራው ቀጣይ ጥፋት፣ ተጫዋቹ ባይወረውርም እንኳ፣ ሁለት ነጻ ውርወራ ያስሰጣል። በጨዋታው የመጨረሻ ደቂቃዎች ኳስ በእጁ የምትቆየው ደግሞ ፖይንት ጋርዱ በመሆኑ ጥፋት የሚፈጸምበትም እሱ ነው፤ ነጻ ውርወራ የማያገባ ከሆነ አሰልጣኙ እሱን ከሜዳ አውጥቶ ጨዋታውን ለማይመራ ሰው ለማስረከብ ይገደዳል። የፊላደልፊያው ፖይንት ጋርድ ቤን ሲመንስ በ2021 የኤንቢኤ ጥሎ ማለፍ ከ73 ነጻ ውርወራዎች ያገባው 25ቱን ብቻ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ግዙፍና ፈጣን ተጫዋች በወሳኝ ደቂቃዎች ቀለበቱን የሚሸሽ ሰው ሆኖ መታየቱ ብዙዎች የሚያስታውሱት ነው።

የውርወራው ቅርጽ የሚሠራው ከቅርብ ነው። ተጫዋቹ ከቀለበቱ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ይቆማል፤ ኳሷ በመዳፉ ላይ ሳይሆን በጣቶቹ ላይ ታርፋለች፤ ክርኑ ከቀለበቱ አቅጣጫ ሳይወጣ ከኳሷ በታች ይሆናል፤ ሌላኛው እጅ ኳሷን ከጎን ይደግፋል እንጂ አይገፋም። ጉልበት ሲዘረጋ ኳሷ አብራ ትወጣለች፣ አንጓው ወደ ታች ይታጠፋል፣ እጁም ኳሷ ቀለበቱ ጋ እስክትደርስ ድረስ እንደተዘረጋ ይቆያል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው የኳሷ ከፍታ ነው። የቀለበቱ ውስጠኛ ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር፣ የወንዶች ኳስ ውፍረት ደግሞ ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ነው። ኳሷ ከላይ ቁልቁል ብትወርድ መላው 45 ሴንቲ ሜትር ክፍት ነው፤ በ45 ዲግሪ ብትመጣ የምታገኘው ክፍተት ወደ 32 ሴንቲ ሜትር ይጠባል፤ በ30 ዲግሪ ጠፍጣፋ ሆና ብትመጣ ግን ክፍተቱ 22.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ብረቱን ሳትነካ ልትገባ አትችልም። ጠፍጣፋ የሚወረውር ልጅ «ዕድሌ ነው» እያለ የሚማረርበት ምስጢር ይኸው ነው። ጉልበቱ ገና ላልጠነከረ ታዳጊ 6.75 ሜትር የራቀው የሦስት ነጥብ መስመር የሚያመጣው ጉዳትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለመድረስ ሲል ኳሷን ከወገቡ ይገፋታል፣ የተበላሸውን ቅርጽ ለማረም ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ቅርጹ ሳይለወጥ መወርወር የሚችልበት ርቀት የዚያ ልጅ የጊዜው መስመር ነው።

ቅርጹ ሲጸና በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን 150 ያህል ውርወራ ይበቃል፤ ሲሶው ነጻ ውርወራ፣ ሲሶው ከቅብብል፣ ሲሶው ከማንጠር በኋላ ይሁን። ከማንጠር በኋላ ያለው ለፖይንት ጋርድ ዋናው ነው፤ የመጨረሻዋ ነጠራ ጠንከር ማለት አለባት፣ ኳሷ ወደ እጅ ስትመለስ እግሮች አስቀድመው እንዲተከሉ።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ውጭ ሜዳ የሚለማመዱ ሰዎች ሌላም የሚያስቡት ነገር አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ኮምቦልቻ ላይ የተነፋች ኳስ ሐረጎን ወጥታ ደሴ ስትደርስ የውጭው አየር ግፊት በመቀነሱ ጠንከር ትላለች፤ ቅዝቃዜው ጥቂቱን ቢመልሰውም ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። ከጨዋታ በፊት ኳሷን ከ1.80 ሜትር ከፍታ ለቆ፣ ስትነጥር አናቷ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር መድረሷን ማየት ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መለኪያ ነው። በደሴ ቀዝቃዛ ጠዋት ጣት ስለሚደነዝዝ በማንጠር ተሟሙቆ መጀመር ይገባል፤ ነፋስ ሲበረታ ደግሞ የርቀቱን ልምምድ ትቶ ወደ ሳጥኑ መጠጋት የተሻለ ነው፣ አለዚያ እጅ ነፋሱን ለማረም ሲል የተሳሳተ ልማድ ይይዛል። በማይለጠጥ ወፍራም ብረት በተሠራ ቀለበት ላይ ከጎን የሚወረወር ኳስ ሰሌዳውን ቢጠቀም ይመረጣል፤ በሰሌዳው ላይ የተሳለው ትንሽ አራት ማዕዘን ላይኛው ቅርብ ጥግ ጥሩ ኢላማ ነው።

ውርወራው እስኪደርስ ድረስ

ተከላካዩ ርቆ ሲቆም፣ መወርወር የማይችል ፖይንት ጋርድ የመጀመሪያው ስሕተት ቆሞ ማሰብ ነው። በመሐላቸው ያለው ባዶ ቦታ ለመንደርደሪያ ይሆነዋልና ወዲያው ቢነሣ ተከላካዩ ወደ ኋላ እየሸሸ ይቀበለዋል። ሳጥኑ ውስጥ ሲደርስ ረጅሙ ሳይደርስበት ኳሷን ከፍ አድርጎ በአንድ እጅ መልቀቅ መልመድ አለበት፤ ይህ አጭር ውርወራ ከሦስት ነጥቡ ይልቅ ቶሎ ይለመዳል። ሁለተኛው መንገድ ስክሪኑን ዝቅ ማድረግ ነው። ረጅሙ ተጫዋች ስክሪኑን ከሦስት ነጥብ መስመሩ አናት ላይ ሳይሆን ከነጻ ውርወራ መስመሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ቢቆም፣ በሥር የሚያቋርጠው ተከላካይ መንገዱ ቀለበቱ ሥር ስለሚያደርሰው በድጋሚ መውጣት አይችልም፤ ፖይንት ጋርዱም ከቅርብ ርቀት ነጻ ይሆናል። ተከላካዩ አንዴ በሥር ካለፈ በኋላ ረጅሙ ወዲያው ዞሮ በሌላው ጎን ሁለተኛ ስክሪን ቢቆምለትም ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ሦስተኛው የቡድኑ ምርጥ ወርዋሪ ባለበት የሚደረግ ነው። ተከላካዩ የተወው ፖይንት ጋርድ ኳስ እያነጠረ ወደ ወርዋሪው ሄዶ ኳሷን በእጁ ሲሰጠውና በዚያው ስክሪን ሲቆምለት፣ ርቆ የነበረው ተከላካይ ወርዋሪውን ለመድረስ ጊዜ አይኖረውም። ካቀበሉ በኋላ ቆሞ መመልከት ደግሞ መተው አለበት፤ አቀብሎ ወደ ቀለበቱ የሚሮጥ ፖይንት ጋርድን መተው ከባድ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ግን ተጋጣሚ ሳይሰለፍ መሮጥ ነው፤ ተከላካዮች ወደ ኋላ እየሮጡ ሳለ የፖይንት ጋርዱን ውርወራ የሚመዝን ሰው የለም።

በጨዋታ ላይ አሰልጣኙ አስቀድሞ ፈቃድ ይስጥ፤ እግሩ ተተክሎ፣ ተከላካዩ በሥር አልፎ ሳለ የተወረወረ ኳስ ቢሳት ቁጣ እንደማይከተለው ተጫዋቹ ሊያውቅ ይገባል። ሲወረውር ከጓደኞቹ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ ከርቀት የሳተ ኳስ ርቆ ስለሚነጥርና ሁልጊዜ ወደ ኋላ ቀድሞ የሚመለሰው ፖይንት ጋርድ በዚያ ቅጽበት ወርዋሪ በመሆኑ ነው። ቆጠራው ከሁለት ወር በኋላ ይደገም። ያን ጊዜም ቁጥሩ ካልተነሣ ተጫዋቹን ከቡድኑ ማውጣት አያስፈልግም፤ ኳስ የማምጣቱን ሥራ ከሌላ ሰው ጋር ይካፈል፣ ኳሷ በሌላው እጅ ስትሆን እሱ ከቀለበቱ አጠገብ ከመጨረሻው መስመር ዳር ይቁም፣ ነጻ ውርወራውን ግን ሳያቋርጥ ይቀጥል።