ከደብተሩ በፊት ልጆቹን እወቁ፦ በሰፈራችሁ ማገዝ ለምትፈልጉ የድሬ ልጆች

ነሐሴ ሲገባ ድሬ ውስጥ ደብተር የሚያሰባስበው ይበዛል። ጥሩ ነው። ግን አብዛኛው ሰው ልጆቹን ሳያይ ግዢ ይጀምራል። ጫማ አጥቶ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ደርዘን ደብተር ምን ያደርግለታል?

መጀመሪያ የራሳችሁን ሰፈር ብቻ ያዙ። ሳቢያን የምትኖሩ ከሆነ ገንደ ቆሬን ለገንደ ቆሬ ልጆች ተዉላቸው። አራት አምስት ሆናችሁ ተሰብሰቡ፣ ሰዓቱን ግን አስቡበት። ከምሳ በኋላ በዚያ ሙቀት ማን ይወጣል? የወጣውም በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ነው፣ በርጫ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ይወሰንና በነጋታው ማንም አያስታውሰውም። ጠዋት 2 ሰዓት ይሻላል።

ከዚያ ስም ዝርዝር። እድሩን፣ ቀበሌውን፣ የትምህርት ቤቱን አስተማሪዎች ጠይቁ። አስተማሪ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣውን ልጅ ያውቀዋል። እድር ላይ ብቻ ግን እንዳትቆሙ፦ በጣም የተቸገረው ሰው ብዙ ጊዜ እድር ውስጥ የለም፣ ወይ ወርሃዊ መዋጮው ከብዶት ወጥቷል፣ ወይ ተከራይ ሆኖ በቅርብ የመጣ ነው። እሱን የሚያውቀው ባለሱቁ ነው። ዱቤው የማን እንደተቆለለ፣ በሊትር ዘይት ይገዛ የነበረው ማን በትንሿ ብርጭቆ መግዛት እንደጀመረ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለብቻው ጠይቁት፣ ሰው ፊት አይደለም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቤተሰቡ ሊያገኘው የሚገባው ነገር ቀርቶበት እንደሆነ እዩ። መክፈል ለማይችል ሰው የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፣ የከተማ ሴፍቲኔትም አለ። ብዙ ጊዜ የሚያስቀረው መታወቂያ ወይም የልጁ የልደት ካርድ አለመኖሩ ነው። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ቀበሌ ተመላልሳ ሲሰለቻት አብሯት የሚሰለፍ ሰው ከአንድ ካርቶን ፓስታ በላይ ይጠቅማታል።

አሁን ግዢ። ቀፊራ ወይ ታይዋን ገበያ ከመውረዳችሁ በፊት ልጁ በምን ቋንቋ እንደሚማር ጠይቁ፤ ድሬ ላይ በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማሊኛም ይማራሉ፣ ሁሉንም አጋዥ መጽሐፍ በአማርኛ ገዝቶ መምጣት ገንዘብ መጣል ነው። ዩኒፎርም ደግሞ ቀለሙ በየትምህርት ቤቱ ይለያያል። የሚሻለው ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ተነጋግራችሁ ሂሳቡን ቀድማችሁ መክፈል ነው። ልጁ ከእናቱ ጋር እንደማንኛውም ደንበኛ ገብቶ ይለካል፣ ማን እንደከፈለ ሌላው አያውቅም። ሰፊውን የእጅጌውንና የሱሪውን ጫፍ በሰፊው እንዲያጥፈው ንገሩት። ልጅ ያድጋል፣ በዓመቱ ይለቀቃል። ጫማ ከሆነ እግሩን ካርቶን ላይ አስቁማችሁ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምሩና ካርቶኑን ይዛችሁ ውረዱ።

ፎቶ? አቦ ተዉት። ልጁ ነገ ክፍል ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል፣ ደብተር ታቅፎ የተነሳው ፎቶ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ይዞራል። ላዋጡት ሰዎች ደረሰኙንና የገባውን የወጣውን ሂሳብ ላኩ፣ ይበቃል። ገንዘቡ በአንድ ሰው ቴሌብር የሚሰበሰብ ከሆነ ሂሳቡን የሚጽፈው ሌላ ሰው ይሁን።

ለበዓል ምግብ ስታስቡ ስጋ በጅምላ አትግዙ፤ ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን አይበላም፣ ስለዚህ ሩዝ፣ ዘይት፣ ስኳር ያለ ጭቅጭቅ ይገባል። ጾም ላይ ላለ የኦርቶዶክስ ቤት የዱቄት ወተት ይዞ መሄድም ያው ነው፣ ሕፃን ከሌለ በቀር።

ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚኖር ቤተሰብ ካላችሁ ስልኩን ክረምት ሳይገባ ያዙ። ዝናቡ ደጋው ላይ፣ ደንገጎ ይዘንባል፣ ድሬ ጠብ ሳይል ወንዙ ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ደጋ ላይ ዘመድ ያለው ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ ዝናቡ ሲከብድ የሚደውለው እሱ ይሁን።

ማስጠናት የምትፈልጉ ደግሞ ሰው በሚያየው ቦታ አስጠኑ፣ ግቢ ውስጥ ወይ ትምህርት ቤት፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሆናችሁ። ልጅ ለብቻው ቤታችሁ አይምጣ። አንድ ልጅ ጥቃት እንደደረሰበት ከሰማችሁ ሽማግሌ አትላኩ፤ ሽምግልናው ብዙ ጊዜ ለበዳዩ ነው የሚጠቅመው። ወደ ጤና ተቋምና ወደ ፖሊስ ውሰዱት፣ ልጁንም ደጋግማችሁ አታስወሩት።

ያዋጣችሁትን ሁሉ መስከረም ላይ አትጨርሱ። ያኔ ሰጪው ብዙ ነው። ሲሶውን ለየካቲት አስቀምጡ፣ ደብተሩ የሚያልቀውና ጫማው የሚቀደደው ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ የሚጠይቅ የለም።